የጠረገው ተቀጣ፦ ፕሮዲጂ የተረታበት ክስ

ግሩፕ ከፍቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ይገጥመዋል። ሰው በበዛ ቁጥር ጨዋታው ይደምቃል። ከዚያ አንዱ ሌላውን ይሰድባል። ሌላው ማስታወቂያውን ይለጥፋል። ሦስተኛው መጥቶ የሰው ስም ያጠፋል። አድሚኑ ምን ያድርግ? ያጥፋው ወይስ አይቶ እንዳላየ ይለፈው?

«ባልነካው ይሻለኛል» የሚሉ ብዙ ናቸው። ምክንያታቸው እንዲህ ነው፦ አንድ መጥፎ ጽሑፍ ካጠፋሁ፣ ያላጠፋሁትን ሁሉ አንብቤ እንደተስማማሁበት ይቆጠርብኛል። ካልነካሁ ግን ተጠያቂው የጻፈው ሰው ብቻ ነው። ይህን የሰነፍ ሰበብ ነው ብሎ ማጣጣል ይቀላል። ነገር ግን በ1995 አንድ የኒው ዮርክ ዳኛ ይህንኑ ሐሳብ በፍርድ አጽንተውታል። እጁን ያስገባው ድርጅት፣ ፕሮዲጂ፣ ተረታ። ከዚያ በፊት እጁን ያላስገባው ድርጅት በነፃ ተሰናብቶ ነበር።

ያን ጉዳይ ከሥሩ ልተርከው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ቴሌግራምም ፌስቡክም ገና አልተወለዱም። ክሱ ያስከተለው ነገር ግን ዛሬ እኛ በምንጽፍባቸው ቦታዎች ሁሉ ውስጥ አለ።

ሁለት ቤቶች፣ ሁለት ጠባይ

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኢንተርኔት ዛሬ በምናውቀው መልኩ በየቤቱ አልገባም። ሰው ኮምፒውተሩን ከስልክ መስመር ጋር ያገናኛል። ወርሃዊ ክፍያ ከፍሎ የአንድ ድርጅት አገልግሎት ውስጥ ይገባል። እዚያ ዜና ያነባል፣ ኢሜይል ይልካል፣ በየርዕሱ በተከፈቱ የውይይት ሰሌዳዎች ላይ ይጽፋል። ኮምፒዩሰርቭ እና ፕሮዲጂ ከትልልቆቹ መካከል ነበሩ።

ኮምፒዩሰርቭ ቤቱን እንደሚያከራይ ሰው ነበር። መድረኮቹን ውል የገቡ ሌሎች ይመሩለታል። እሱ የሚለጠፈውን አያነብም፣ አያርምም።

ፕሮዲጂ ሌላ ጠባይ ነበረው። የአይቢኤም እና የሲርስ ሽርክና ነው። ልጆች ያሉበት ቤተሰብ ያለ ስጋት የሚገባበት አገልግሎት ነኝ ብሎ ራሱን አስተዋወቀ። ጋዜጣ የሚያትመውን እንደሚመርጥ ሁሉ እሱም በሰሌዳዎቹ ላይ የሚወጣውን እንደሚቆጣጠር በአደባባይ ተናገረ።

ወሬ ብቻም አልነበረም። የአጻጻፍ ደንብ አወጣ። ጸያፍ ቃል ያለበትን ጽሑፍ የሚያጣራ ሶፍትዌር ነበረው። በየሰሌዳው ላይ «የሰሌዳ መሪ» የሚባል ሰው መደበ፤ ዛሬ አድሚን የምንለው ማለት ነው። መሪው ችግር ያለበት ጽሑፍ ካየ በአንድ ትእዛዝ ያነሳዋል። ሲያነሳው ታዲያ ቀድሞ የተዘጋጀ ማብራሪያ ለጸሐፊው ይደርሰዋል፦ ማስታወቂያ ነው፣ መጥፎ ምክር ነው፣ ስድብ ነው፣ ከርዕሱ ወጥቷል፣ ለዛ ቢስ ነው።

ይህች የመጨረሻዋ ነገር ልቤን ትነካዋለች። ጽሑፉ የጠፋበት ሰው ለምን እንደጠፋ ይነገረዋል። ግሩፕ ውስጥ አንዱ ሲኮርፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስኮርፈው መጥፋቱ ሳይሆን በዝምታ መጥፋቱ ነው። ሰውየው ማታ የጻፈውን ጠዋት ሲፈልገው ያጣዋል። የሚጠይቀው የለም። ከዚያ ወይ ጥሎ ይወጣል፣ ወይ ከአድሚኑ ጋር ጠብ ይጀምራል።

ፕሮዲጂን መልአክ ማድረግ ግን አልፈልግም። በ1990 ለኢሜይል ተጨማሪ ክፍያ ሊጠይቅ መሆኑን አስታወቀ። ደንበኞች በሰሌዳዎቹ ላይ ተቃወሙ። ድርጅቱ ያን ውይይት ከሰሌዳዎቹ ላይ አስቆመ። ተቃውሞውን ከገፉበት መካከል የአንዳንዶቹን አካውንት ዘጋ። ስድብን ለመጥረግ የተያዘው መጥረጊያ የራሱን ትችት ጠረገበት። አወያይ አያስፈልግም የሚሉ ሰዎች ዋና ፍርሃታቸው ይህ ነው። እውነት አላቸው። የማጥፋት ሥልጣን የያዘ ሰው ሁሉ ይህ ፈተና አለበት፤ ሁለት መቶ ሰው ያለበት ግሩፕ አድሚንም ቢሆን።

መጀመሪያ የተከሰሰው ኮምፒዩሰርቭ ነው

በኮምፒዩሰርቭ የጋዜጠኞች መድረክ ላይ «ሩመርቪል» የሚባል ዕለታዊ ወሬ ይወጣ ነበር። በ1990 ይህ ጽሑፍ «ስካትልበት» ስለተባለ ተፎካካሪው የሚያስቀይም ነገር ጻፈ። የተፎካካሪው ባለቤቶች ስማችን ጠፋ ብለው ኮምፒዩሰርቭን ጨምረው ከሰሱ።

እዚህ ላይ ሕጉን ማወቅ ያስፈልጋል። ጋዜጣ ያተመውን ሁሉ ራሱ እንደተናገረው ሆኖ ይጠየቅበታል። አሳታሚ ነውና። መጻሕፍት መደብር ወይም ቤተ መጻሕፍት ግን መደርደሪያው ላይ ያለውን ሁሉ አንብብ አይባልም። አከፋፋይ ነው። የሚጠየቀው ስም የሚያጠፋ ነገር እንደያዘ እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው ካሰራጨ ነው።

ዳኛ ፒተር ሊዠር በ1991 ኮምፒዩሰርቭን ከመጻሕፍት መደብር ጎን አቆሙት። ድርጅቱ ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት አላየውም። ማየትም አይጠበቅበትም። ስለዚህ አይጠየቅም ብለው ወሰኑ።

ለጊዜው ሁሉም ደስ ያለው ይመስላል። ውሳኔው ግን በውስጡ አንድ ወጥመድ ይዞ ነበር። ኮምፒዩሰርቭ የዳነው ባለማየቱ ነው። ያየስ?

«መኒ ቶክ»

ፕሮዲጂ ስለ ገንዘብና አክሲዮን የሚወራበት «መኒ ቶክ» የተባለ ሰሌዳ ነበረው። በአሜሪካ በዘርፉ በብዛት የሚነበበው ነው ይባል ነበር። ኦክቶበር 23 እና 25 ቀን 1994 አንድ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው እዚያ ላይ ጻፈ። ስትራተን ኦክሞንት የሚባለው የአክሲዮን ደላላ ድርጅት እና ፕሬዚዳንቱ ዳንኤል ፖሩሽ አንድን ኩባንያ ለሕዝብ ሲሸጡ ወንጀልና ማጭበርበር ፈጽመዋል አለ። ደላሎቹም ወይ ዋሽተው የሚኖሩ ወይ የሚባረሩ ናቸው ብሎ ጻፈ።

ስትራተን ፕሮዲጂን ከሰሰ። የጠየቀው ካሳ 200 ሚሊዮን ዶላር ነው።

ፕሮዲጂ የተከራከረው ዛሬ ማንኛውም ትልቅ ግሩፕ ያለው ሰው በሚከራከርበት መንገድ ነው። ደንበኞቹ 2 ሚሊዮን ደርሰዋል። በሰሌዳዎቹ ላይ በቀን 60,000 መልእክት ይለጠፋል። ያን ሁሉ ማን ያነባል? ድሮ አንድ በአንድ እናይ ነበር፤ አሁን ግን ትተነዋል አለ።

ዳኛ ስቱዋርት አይን ሜይ 24 ቀን 1995 ውሳኔያቸውን ሰጡ። ክርክሩን አልተቀበሉትም። ደንብ አውጥተሃል፣ ሶፍትዌር ተክለሃል፣ የሰሌዳ መሪ መድበሃል፣ መሪዎቹም ያጠፋሉ፣ በዚህም ደንበኛ ስበህበታል አሉት። ስለዚህ አሳታሚ ነህ። ጥቅሙን ለማግኘት ብለህ ቁጥጥሩን በፈቃድህ መረጥክ፤ ያንን ያልመረጡት ከሚሸከሙት የበለጠ ኃላፊነትም አብሮ መጣብህ። የውሳኔው ፍሬ ሐሳብ ይህ ነው።

ዳኛውን በችኮላ መውቀስ አልፈልግም። እጃቸው ላይ የነበረው ሕግ ሁለት ሳጥን ብቻ ነበረው፦ አሳታሚ እና አከፋፋይ። ፕሮዲጂም በገዛ አፉ ራሱን ከጋዜጣ ጋር አመሳስሏል። የሚመጣውን ስጋትም አላጡትም። እንዲህ ያለ ውሳኔ ድርጅቶች ቁጥጥር እንዲተዉ አያደርግም ወይ ለሚለው መልስ ሰጥተዋል፤ ቁጥጥሩን የሚወዱ ደንበኞች ስላሉ ገበያው ድርጅቱን ይክሰዋል ብለው አሰቡ።

እኔ የማልስማማው እዚህ ላይ ነው። ገበያ ጥቂት ገንዘብ ይጨምር ይሆናል። ለ200 ሚሊዮን ዶላር ክስ ግን አይበቃም። ከዚህ ውሳኔ በኋላ አስተዋይ ነጋዴ የሚመርጠው መንገድ ግልጽ ነበር። ደንቡን መቅደድ፣ መሪዎቹን ማሰናበት፣ ዓይንን መጨፈን። በቀን ከሚለጠፈው 60,000 መልእክት ውስጥ 500ውን ያጠፋ ሰው ለቀሪው 59,500 ተጠያቂ ከሆነ፣ ምንም ያላጠፋው ደግሞ ለአንዱም የማይጠየቅ ከሆነ፣ ማን ብሎ ያጠፋል?

ነገሩን በቤት አስቡት። ግቢውን የሚጠርግ ሰው የቀረችው አንዲት ቆሻሻ የራሱ ናት ተብሎ ይቀጣል። ጎረቤቱ ጠርጎ አያውቅም። «አይቼው አላውቅም» ይላል፤ ይታለፋል።

ከዚህ የከፋ ሌላ ውጤትም አለው፤ ብዙ ሰው ግን አያነሳውም። መጥረጉን መተው የማይፈልግ አወያይ ቢኖርስ? እሱ ደግሞ የሚያስፈራ ነገር ሁሉ ያጠፋል። ጠበቃ ያለው ሰው «ስሜ ጠፋ» ባለ ቁጥር ይደመስሳል። እውነት ይሁን ውሸት ለማጣራት ጊዜም አቅምም የለውም። ወደዚህ እመለሳለሁ።

አውሮፕላን ውስጥ የተነበበ ዜና

ተከራካሪዎቹ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ታረቁ። ፕሮዲጂ ማዘኑን ገለጸ፣ ስትራተን ክሱን ተወ። ዳኛው ውሳኔውን እንዲያነሱ ቢጠየቁም እሺ አላሉም። ስለዚህ ፍርዱ እንዳለ ቆመ።

ነገሩ ከፍርድ ቤት ወደ ኮንግረስ የሄደው ግን ከዚያ በፊት ነው። የካሊፎርኒያው የሕዝብ እንደራሴ ክሪስ ኮክስ ስለ ውሳኔው ያነበቡት ወደ ዋሽንግተን ሲበሩ አውሮፕላን ውስጥ ነበር። ሊያጸዳ የሞከረው መቀጣቱ አልዋጥላቸው አለ። ከኦሪገኑ ሮን ዋይደን ጋር ተመካከሩ። ኮክስ ሪፐብሊካን፣ ዋይደን ዲሞክራት ናቸው። በዚያው ሰሞን ሴናተር ጄምስ ኤክሰን ብልግናን ከኦንላይን በወንጀል ሕግ ለማጥፋት ይገፉ ነበር። ኮክስ እና ዋይደን ሌላ መንገድ አቀረቡ፦ መንግሥት ከሚያጠፋ ይልቅ ቤቱን የያዘው ሰው ሳይፈራ ያጽዳ። የእንደራሴዎች ምክር ቤት ኦገስት 4 ቀን 1995 በ420 ድምፅ ለ4 ተቀበለው።

በመጨረሻ ሁለቱም ሐሳቦች በአንድ ሕግ ውስጥ ተጠቃለሉ። ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1996 ፈረሙበት። የኤክሰን ክፍል ዕድሜው አጭር ሆነ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1997 የመናገር ነፃነትን ይጥሳል ብሎ ዋናውን ድንጋጌ ሻረው። የኮክስ እና የዋይደን ክፍል ግን ተረፈ። ዛሬ አንቀጽ 230 የሚባለው እሱ ነው።

አንቀጹ ሁለት ነገር ይላል። አንደኛ፣ አገልግሎት ሰጪ ወይም ተጠቃሚ ሌላ ሰው ያቀረበውን ጽሑፍ እንዳሳተመ ተደርጎ አይቆጠርም። «ተጠቃሚ» የምትለውን ቃል ልብ በሉ። ከለላው ለትልልቅ ኩባንያዎች ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ የሰው ጽሑፍ የሚያስተናግድ ተራ አድሚንም ይገባበታል። ሁለተኛ፣ ጸያፍ ወይም የማይገባ ነው ብሎ በቅን ልቦና ያነሳ ሰው በማንሳቱ አይጠየቅም።

በአጭሩ፣ ፕሮዲጂ የተረታበት አመክንዮ ተሰረዘ። መጥረግ የሚያስቀጣ መሆኑ ቀረ።

የማያቋርጠው ስልክ

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አላበቃም።

ኤፕሪል 1995 በኦክላሆማ ሲቲ የመንግሥት ሕንፃ ላይ ቦምብ ፈንድቶ 168 ሰው ሞተ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ አንድ ያልታወቀ ሰው «አሜሪካ ኦንላይን» በሚባል እንደ ፕሮዲጂ ያለ አገልግሎት ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ። በእልቂቱ የሚያላግጥ ጽሑፍ ያለበት ቲሸርት ይሸጣል ይላል። የሰጠው ስልክ ቁጥር ግን ከነገሩ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው የሌላ ሰው ነው።

የዚያ ሰው ስልክ መጮህ ጀመረ። ስድብ፣ ዛቻ፣ እርግማን። ቁጥሩን እንዳይቀይር የሚሠራበት ስልክ ነው። ወደ ድርጅቱ ደወለ። እናነሳዋለን አሉት፣ ተነሳም። በማግስቱ ሌላ ተለጠፈ። እንደገና ደወለ። ሌላ ተጨመረ። በአንድ ወቅት በየሁለት ደቂቃው ያህል አንድ የስድብ ጥሪ ይገባለት ነበር። አንድ የሬዲዮ ጣቢያም ማስታወቂያውን እውነት መስሎት በአየር ላይ አነበበው። ፖሊስ ቤቱን መጠበቅ ነበረበት።

ሰውየው ድርጅቱን ከሰሰ። ይፋዊ ማስተባበያ ለማውጣት እንቢ አሉ፣ ሲነገራቸውም ቶሎ አልደረሱልኝም አለ። የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ኖቬምበር 1997 ላይ አንቀጽ 230ን ጠቅሶ ክሱን ውድቅ አደረገው። ተነግሯቸው ቢዘገዩም እንኳ አይጠየቁም።

ፍርድ ቤቱ ምክንያት ነበረው። ቅሬታ በደረሰ ቁጥር ተጠያቂነት ከመጣ፣ ድርጅቱ ሳያጣራ ሁሉንም ያጠፋል። ሰውም የማይወደውን ጽሑፍ በቅሬታ ብዛት ማስጠፋት ይችላል። ይህ እውነት ነው። ግን ያን ሰው አስቡት። አጥፊው አይታወቅም። ቤቱን የያዘው አይጠየቅም። በየሁለት ደቂቃው የሚጮኸውን ስልክ ማን ያስቁምለት?

እኔ እዚህ ላይ ከሕጉ ጋር አልሄድም። ኮክስ እና ዋይደን ሊያድኑት የፈለጉት የሚጠርገውን ነው። ከለላው ግን ተለጥጦ ቆሻሻው ታይቶት፣ በስሙ ተጠርቶ፣ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠውንም አቀፈው። ያላየ ሰው አለማወቁ ይገባኛል። ሦስቴ አራቴ የተነገረው ሰው ግን አላየሁም ሊል አይችልም።

አውሮፓ ሌላ መስመር ይዛለች። በ2000 በወጣው መመሪያ መሠረት የሰው ጽሑፍ የሚያስተናግድ ድርጅት ሕገወጥ ነገር መኖሩን እስካላወቀ አይጠየቅም፤ ካወቀ ግን ፈጥኖ ማንሳት አለበት። ከ2024 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ በሥራ ላይ ያለው የኅብረቱ የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ በዚህ ላይ ጨመረበት። ሰው የሚጠቁምበት መንገድ ይኑር ይላል። ጽሑፉ ለተነሳበት ሰውም ምክንያቱ ይነገረው ይላል። ያቺ የፕሮዲጂ የሰሌዳ መሪ የሚልካት አጭር ማብራሪያ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሕግ ግዴታ ሆና መጣች። ሳነበው በጣም ደስ አለኝ።

ያጠፋው ቢሆን ኖሮ

እንግዲህ ግሩፕ አወያይ ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም? እኔ ያስፈልገዋል ባይ ነኝ። ክፍት የተተወ ውይይት ነፃ ይመስላል እንጂ አይደለም። ድምፁ የሚያይለው ይነግሥበታል፤ ለዘብ ያለው ሰው ቀስ ብሎ ይወጣል። መውጣቱን ማንም አያስተውልም፤ ሲወጣ በር አያላትምምና።

ነገር ግን አወያዩን ማን እንደሚያስፈራው ማየት ያስፈልጋል። የመኒ ቶክን ጉዳይ እንደገና ላምጣው። የዚያን ቀን የሰሌዳው መሪ ሁለቱን ጽሑፎች አይቷቸው ቢሆን፣ ክስ መምጣቱንም ቢያውቅ ምን ያደርጋል? ያጠፋቸዋል። ማንም አይወቅሰውም። ስም የለሽ ሰው ነው የጻፈው። ማስረጃ አላቀረበም። የተነካው ደግሞ ጠበቃ ያቆመ ድርጅት ነው። እኔም በቦታው ብሆን ሳላጠፋው አልቀርም።

ክሱ በዕርቅ ስላለቀ ጽሑፉ እውነት ይሁን ውሸት አንድም ቀን በችሎት አልተመረመረም። 200 ሚሊዮን ዶላር የተጠየቀበት ጉዳይ ሙሉ በሙሉ የዞረው «አሳታሚው ማነው» በሚለው ላይ ነው። «የተባለው ነገር እውነት ነው ወይ» የሚለው ተራው አልደረሰም።

ዲሴምበር 1996 የአሜሪካ የአክሲዮን ነጋዴዎች ማኅበር ስትራተን ኦክሞንትን ከሥራው አባረረው። በ1999 ዳንኤል ፖሩሽ እና የድርጅቱ መሥራች ጆርዳን ቤልፎርት በአክሲዮን ማጭበርበርና በገንዘብ ማሸሽ ጥፋተኛ መሆናቸውን አመኑ። ገንዘባቸውን የተበሉ ሰዎች ብዙ ነበሩ። ከእነሱ አንዱ ኦክቶበር 1994 ላይ መኒ ቶክን ከፍቶ ያን ጽሑፍ አንብቦት ይሆናል።